የሊባስ ሦስት ክንፎች

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

የሊባስ የሞገድ መጋለቢያ ሰሌዳ ብቻውን መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓሣ ገዢዎቹ ገና አልተበተኑም። ሞገዱ ገፍቶ አሸዋው ላይ አወጣው፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ። ሆዱ ላይ የተተከሉት፣ ውኃ እየሰነጠቁ የሚያስኬዱት ሦስት ክንፎች እንዳሉ ናቸው። እኔ የሠራኋቸው ናቸው። ከእግሩ ጋር የሚያያዘው ገመድ መሐሉ ላይ ተቆርጧል። ገመዱ አርጅቶ ነበር። ለውጠው ብዬዋለሁ።

አራት ታንኳ ፍለጋ ወጥቷል። ሊባስ ሳይራመድ የዋኘ ልጅ ነው። ፊት ለፊታችን ያለችው ደሴት ላይ ወጥቶ ይሆናል። ይሆናል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ንጋት ላይ በጎረቤት መንደር በካምቤሬን ዳርቻ አገኙት። ሬሳ አጣቢው ዴምባ ጆፕ አጠበው። አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። የሞት ወረቀቱ ላይ "በመስጠም" ተብሎ ተጽፏል። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ጠዋት ወደ ለቅሶው ከመሄዴ በፊት የልጄን የኮዱን ሰሌዳ ክንፎች ፈታሁ። ለምንም አይደለም። እስኪረጋጋ ድረስ ባሕር እንዳትገባ ብዬ ነው።

ለዛሬ ይበቃል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ሦስተኛው ቀን። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶታል፣ ሩዝ በትልልቅ ሳሕን ይዞራል። የሊባስ እናት ንዴላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት፤ ቢላዋ የሌለው እጇ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ ተጋድሟል።

ዴምባ ሲያየኝ ከሩቁ ጀመረ። በእኛ ዘንድ የጆፕ ጎሣ ሰው እንደ እኔ ያለ የንዲያዬ ጎሣ ሰው አግኝቶ ካልሰደበው ታሟል ማለት ነው፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። የተሰደበም አይቆጣም፣ ይመልሳል እንጂ።

"አንተ ሆዳም ንዲያዬ! ሐዘን ነው ያመጣህ ወይስ የሩዝ ሽታ?"

"ጆፖች ድስቱን ይዘው እንዳይጠፉ ልጠብቅ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ተላጭተሃል ደግሞ! በምን ተላጨህ? በራስህ ክንፍ ነው? ሰዎች፣ ይሄ ሎሌዬ ታንኳ መሥራቱን ትቶ ምላጭ ሠሪ ሆኗል አሉ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ንዴላ እንኳ፣ ልጇ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከንፈሯ ትንሽ ላላ አለ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

ለምን ምላጭ አለ? ዝም ብሎ ነው። ዴምባ አፉ አያርፍም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

እንቅልፍ ስለሌለ ነገሩን በሥርዓቱ ላስቀምጠው። ይህ የሥራ ደብተሬ ነው፤ እስካለፈው ሳምንት የሰሌዳ ልክና የሙጫ መጠን ብቻ ነበር የምጽፍበት።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሊባስ መጣ። ለውድድር እየተዘጋጀ ነበር። "አባባ ማሳምባ፣ የሱቅ ክንፍ ወፍራም ነው፣ ውኃ ይጎትታል። እርስዎ ቀጭን አድርገው ይሥሩልኝ" አለኝ። ፋይበርግላስ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ አለስልሼ ዘጠኝ ሠራሁ። ሦስቱ የሊባስ፣ ሦስቱ የኮዱ፣ ሦስቱን ያሲን የምትባለው የዳቦ ሻጩ ልጅ ወሰደች።

ውኃ የሚሰነጥቅ ነገር ስል መሆን እንዳለበት ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱ ግን የሚሠራው ታንኳ ነበር። የታንኳ አፍንጫ ሰው እግር መሐል አይገባም። የሰሌዳ ክንፍ ጠርዙ መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ስለቱ ይሰበራል፤ አውራ ጣት ሲሄድበት መናከስ የለበትም። ሰው ሲወድቅ ሰሌዳው እላዩ ላይ ይገለበጣላ። ይህን አውቃለሁ። ሰሌዳ መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንዴት አላውቅም?

ስለቱን ሰብሬዋለሁ። እንደሰበርኩት ትዝ ይለኛል።

የገመዱ ጫፍ ግን አልተበጣጠሰም ነበር። ያረጀ ገመድ ሲበጠስ ይንጨባረራል። ያ ጫፍ ልሙጥ ነበር፣ በስለት እንደተቆረጠ። ከእኔ ሌላ ያየ የለም መሰለኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

ስምንተኛው ቀን፣ ቁርዓን ተቀራ።

ከዚያ ሞገድ ጋላቢዎቹ ለንዴላ የተስማሙበትን ነገሯት። በአርባኛው ቀን፣ ዲሴምበር 19፣ ሁሉም በየሰሌዳቸው ወጥተው ባሕሩ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ለሊባስ ዱዓ ይደረጋል። ታላቅ ወንድሙ ቢራን በሊባስ ሰሌዳ ይወጣል።

በሊባስ ሰሌዳ።

ንዴላ እሺ አለች፤ ግን እስከዚያ ቀን ማንም እንዳይነካው አለች። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ አጠገብ አቁማዋለች። "ልጄ እንዳስቀመጠው ነው የሚቆየው" አለች። ወይኔ!

ቢራን መዋኘት ይችላል። ሊባስም ይችል ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ሄድኩባት። "ንዴላ፣ የሰሌዳው አፍንጫ ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ፣ ውኃ ያስገባል። ለአንድ ቀን ስጪኝ፣ በነጻ ልጠግነው" አልኳት።

"ስንጥቁስ የማን ነው? የእሱ አይደል?" አለችኝ። "ይቆይ።"

ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ይዛ "አንተ ጥሩ ጎረቤት ነህ" አለችኝ።

ቶሎ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ለባሕሯ መንፈስ ለማም ንዲያሬ ውኃው ላይ እርጎ አፈሰሱ። ዘንድሮ ድርሻዋ ዘግይቶ ነበርና ሰው ሁሉ የባሕሩ ባለቤት ተቆጥታ ሊባስን እንደወሰደችው አምኗል። ንዴላ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ "የልጄን ጥፋት፣ የእኔን ጥፋት ይቅር በይን" እያለች ጎንበስ ቀና ትል ነበር። እኔ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ባሕሩ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ እንደ በፊቱ ሆነ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች "ተፈጸመ፣ ከእንግዲህ ሰላም ነው" ተባባሉ።

ደስ አለኝ። መጻፍ ካለብኝ ይኸው፦ ደስ አለኝ። ማም ንዲያሬ ሰፊ ናት፣ የእኔን ነገር ትሸከመዋለች ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ያሲን ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣች። ሰሌዳውን ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ አዳልጧት ነው፤ ባሕር ውስጥ እንኳ አይደለም! ሰባት ስፌት።

"አባባ ማሳምባ፣ ክንፍዎ ይናከሳል እኮ!" አለችና ሳቀች። "ስፌቱን ለጓደኞቼ ሻርክ ነው ብያቸዋለሁ።"

ሦስቱንም ተቀብዬ እዚያው ፊቷ ስለታቸውን ሰበርኩ። ከንፈሯን ጣለች። "አሁንማ ዱልዱም ሆነ። ይዘገይብኛል።" ሊባስ ክንፎቹን በሞከረ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ የተናገረው ትዝ አለኝ። "አባባ፣ ውኃውን አይነካውም፣ ያልፍበታል!" ብሎ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ አሞገሰኝ።

የዚያን ቀን የብርጭቆ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰብሬው ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

አሁን የያሲን ደህና ነው። የኮዱ ደህና ነው። የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ኮዱ ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ ክንፎቼን መቼ ነው የምትመልስልኝ?"

"ሞገዱ ይብረድ።"

"አልጋህ ሥር አየኋቸው። ጠርዛቸውን አሽተኸዋል። ሰኞ ጠዋት ነው የፈታሃቸው። ሊባስ ገና ሳይታጠብ። ለምን የእኔን ብቻ?"

"ልጄ ስለሆንሽ ነዋ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ቢራንስ የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እራቷን ክፍሏ ትበላለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ተቀያይመን አናውቅም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ከሰሜን ሞገድ መጣ። ድምፁ አውደ ሥራዬ ድረስ ይሰማል። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። አላፊ አግዳሚ ሲያወራ ሰማሁ፦ "አርባው ቀን ላይ ትልቅ ይሆናል፣ ለሊባስ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው።"

ትልቅ ሞገድ። ሠላሳ ሰው ተጠጋግቶ። ሦስት ክንፍ።

ዛሬ አንድም ሥራ አልሠራሁም። ሙጫው ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

ከጁምዓ በኋላ መረብ ጠጋኞቹ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን ነበር። ዴምባም አለ። እንደ ልማዱ ጀመረኝ።

"ንዲያዬ፣ መቼ ነው የምትላጨኝ? ወረፋ ይዣለሁ እኮ። ከአርባው ቀን በፊት ብትጨርስልኝ ይሻላል።"

አሁንም ምላጭ። ባገኘኝ ቁጥር ምላጭ። ዛሬ ደግሞ ከአርባው ቀን በፊት። ምን እንዳናደደኝ አላውቅም፣ ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሳሁ።

"ሊባስን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "በእኔ ክንፍ ነው የሞተው።"

በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። "ንዲያዬ በመጨረሻ አመነ!" "ጆፕ አሸነፈው!" ጀርባዬን መቱኝ። በሕይወቴ እንዲህ አስቂኝ ሆኜ አላውቅም።

ዴምባ ብቻ አልሳቀም። ሻዩን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያገላበጠ አረፋውን ያይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 7

ዴምባ እቤት መጣ። ሳይሰድበኝ ገባ፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

"ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት አጥቤያለሁ፣ ለሚስቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ያንንም አልናገርም። ለእናቱም፣ ለአንተም።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"አንተ ግን አላጠብክም፤ አፍህ አልታሰረም።"

ተነስቶ ሄደ። ሻይ እንኳ አላቀረብኩለትም።

ይህ ሁሉ ቀልድ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። እኔ ደግሞ አፉ አያርፍም እላለሁ።

ስለቱን አልሰበርኩትም። የብርጭቆ ወረቀቱን አንስቼ ነበር። ሊባስ ሲያሞግሰኝ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ክንፍ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም ብዬ። ይኸው ነው። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ረስቼም አይደለም። ከዚያ የኮዱንና የያሲንን ሳድል እንደገና ወረቀቱን አየሁት፣ እንደገና ተውኩት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

ንዴላ በር ድረስ ሄድኩ። ውስጥ እየዘፈነች ነበር፣ ለሊባስ በሕፃንነቱ የምትዘፍነውን። ተመለስኩ።

ሰባት ቀን ቀረ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ሄድኩ። እንግዳ ነበራት። ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ሌሊት ገብቼ ክንፎቹን ላሻቸው ብዬ አሰብኩ። እንደ ሌባ መስኮት ዘልዬ፣ እሷ ተኝታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ማንም አያውቅም፣ ቢራንም በሰላም ይመለሳል። ካሰብኩት ሁሉ ይህ እንደሚሻል ለራሴ አስረዳሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ እስከ አጥሯ ሄድኩ።

ያዩኛል ብዬ ፈርቼ ተመለስኩ። ለቢራን ያልፈራሁትን ያህል ለራሴ ፈራሁ። ይህን ደብተር ማን ያነበዋል? ማንም ካላነበበው ለምን እዋሻለሁ?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ቢራን ሰም ሊገዛ መጣ፣ ሰሌዳው ላይ የሚቀባውን። "ነገ ማታ እናቴ ጨርቁን ትፈታልኛለች" አለኝ። "አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ፈርቻለሁ። ሊባስ ላይ የደረሰው አይገባኝም። እሱ ከእኔ መቶ እጅ ይሻላል።"

"አትውጣ" አልኩት።

"ለእናቴ ምን ልበላት?"

ሰሙን ሸጥኩለት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

ተናገርኩ።

ከቀትር በኋላ ነው። ንዴላ ግቢዋ ውስጥ ለነገው ድግስ ዓሣ እየበለተች ነበር፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ቢላዋ ስትይዝ ዛሬ ገና አየኋት። ቢራን ድንች ይልጣል። ቆሜ ተናገርኩ፣ ብቀመጥ እንደማልጨርሰው አውቄ።

"ቢራን በዚያ ሰሌዳ እንዳይወጣ። ክንፎቹ ስል ናቸው። እኔ ነኝ እንዲያ የተውኳቸው።"

ቢራን ሊስቅ ጀምሮ የእናቱን ፊት አይቶ ተወው። እሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ሰሌዳውን ይዛ ወጣች፣ ጨርቁን ፈታች። ሴቶቹ ቢላዋ ሲገዙ እንደሚያደርጉት የአውራ ጣቷን ጥፍር በክንፉ ጠርዝ ላይ አስኬደች። ጥፍሯ ተላጨ፤ ነጭ ብናኝ ወደቀ።

"ይሄ ከቢላዬ ይበልጣል" አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። "ገመዱን የቆረጠው ይሄ ነው?"

"ነው።"

"እሱንም?"

"ያጠበው አይናገርም። ግን ነው።"

"የኮዱስ?"

"ፈትቼዋለሁ።"

"መቼ?"

መዋሸት እችል ነበር። አፌም ሊዋሽ ተከፍቶ ነበር። "ሰኞ ጠዋት" አልኩ።

"የትኛው ሰኞ?"

"ያ ሰኞ።"

"ሳይቀበር።"

"ሳይቀበር።"

ቢራን ተነስቶ አንገቴን ያዘኝ። አልተከላከልኩም። እሷ "ልቀቀው" አለችው፤ ለቀቀኝ። ነጩን ጨርቅ አንስታ አጠፈችው።

"ባሕር ውስጥ ቆሜ የልጄን ጥፋት ይቅር በይ ስል፣ ክንዴን ይዘህ ነበር" አለችኝ። "ልጄ ጥፋት አልነበረበትም።"

"አልነበረበትም።"

"ከቤቴ ውጣ።"

በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። ዞር ስል ወደ እኔ አታይም ነበር። "ነገ ከንጋት ሶላት በኋላ በርህን ክፈት። ቢራን፣ ነገ ባሕር ለሚገባ ሁሉ ደውል። ሰሌዳቸውን ይዘው እዚያ ይምጡ።"

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 19

ሁሉም ተመልሰዋል። ሠላሳ አንድ ወጡ፣ ሠላሳ አንድ ተመለሱ። ሞገዱ እንደ ፈራሁት ትልቅ ነበር። ቢራን ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ ሰሌዳው እላዩ ላይ ተገለበጠ፤ ወጥቶ ሲያስል አየሁት። እኔ ከሰው ርቄ ታንኳዎቹ ጋ ቆሜ ነበር። የሚጠጋኝም አልነበረም። ኮዱ ግን ከውኃ ወጥታ በአጠገቤ ስታልፍ ፎጣዋን እንድይዝላት ሰጠችኝ።

የጠዋቱን ልጻፈው።

በሬን ስከፍት ጨለማው አልለቀቀም ነበር። ንዴላ ቀድማኝ መጥታ የዓሣ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። ሰላም አላለችኝም። ለሰዎቹ ምን እንደነገረቻቸው አላውቅም፤ አንድ በአንድ ሰሌዳቸውን እያመጡ ያለ ወሬ ወረፋ ያዙ። የእኔ ክንፍ ይሁን የሱቅ፣ አልለየችም። ሁሉም። ዴምባ ሻይ አምጥቶ "ማሳምባ፣ እንዴት አደርክ" ብሎኝ ሄደ። ስድብ የለ፣ ምን የለ። ከቢራን እጅ ይልቅ ያ ሰላምታ አነቀኝ።

እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ለእሷ አቀብላለሁ። እሷ በአውራ ጣቷ አልነበረም የምትፈትነው፤ አውራ ጣቷ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሲበልት ደንድኗል። እጅጌዋን ሰብስባ፣ የክንዷን ውስጠኛ ክፍል፣ ያንን ስስ ቆዳ፣ ወደ ላይ አድርጋ፣ የእያንዳንዱን ክንፍ ጠርዝ ጫን ብላ ትጎትትበታለች። ምንም ካልሆነ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ሠላሳ አንድ ሰሌዳ ነው፣ አብዛኛው ሦስት ሦስት ክንፍ ያለው። ፀሐይ ወጣች፤ ማንም "ይብቃሽ" ለማለት አልደፈረም።

የሊባስን መጨረሻ ላይ አመጣችው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ላቤ ሰሌዳው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሁለቱ ክንፎች አለፉ። ሦስተኛውን ክንዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ጎተተችው። ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ፤ የማይደማ ጭረት ነው። እኔ አየሁት፣ እሷም አየችው።

ሰሌዳውን መለሰችልኝ።

"ድገም" አለችኝ።

ደገምኩ።